ለጋሼ ፈለቀ የሚነሣ ውሻ

ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ማለት እንደ ጥፋት የሚቈጠርበት ቀን ይመጣል ብሎ ያስጠነቀቀኝ አንድም መጽሐፍ የለም። ያላነበብሁ ሆኜ አይደለም። ስለ ነገሥታት አወዳደቅ አንብቤአለሁ፤ ስለ ከዋክብት አፈጣጠር አንብቤአለሁ፤ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት በሦስት ቅጽ የተጻፈ ሥራ ሳይቀር፣ ሦስተኛው ቅጽ ላይ ደራሲውም እንደ ሰለቸው እየታወቀኝ፣ ዳር አድርሼአለሁ። በእነዚያ ሁሉ ገጾች ውስጥ ግን “ተጠንቀቅ፤ አንድ ቀን ትሕትናህ በቀይ ቀለም ይመዘገብብሃል” የሚል መስመር አላጋጠመኝም። እናንተም ብታውቁ ኖሮ ትነግሩኝ እንደ ነበር አምናለሁና አልቀየማችሁም።

ነገሩ የጀመረው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ማሪቢርኖንግ በሚባለው ሰፈር ቤቴ አጠገብ ባለው ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ለአንድ የመድን ድርጅት የደንበኞችን የአቤቱታ ደብዳቤ አነባለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጣሪያ ሲያፈስ፣ የሰው አጥር ሲወድቅ፣ የሰው ማቀዝቀዣ ሲቃጠል ሳነብ እውልና ሥራዬን ስጨርስ ደግሞ ለመዝናናት አነባለሁ። ከሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ሦስት ቀን ያለፈኝ ጊዜ አለ። በአራተኛው ቀን ትራም ላይ ካርዴን ላስነካሁት ማሽን “አመሰግናለሁ” ስል ራሴን ያዝሁት። በዚያው ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ የቡችላ ፎቶግራፍ ያለበት ማስታወቂያ አየሁ፦ “ወደ ፊት ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ቡችሎችን ለአንድ ዓመት በቤትዎ ያሳድጉ። ልምድ አያስፈልግም።”

ልምድ አያስፈልግም! በዚህች አገር ሥራ በፈለግሁ ቁጥር “የአገር ውስጥ ልምድ አለህ?” እየተባልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ልምድ የሌለው ሰው በግልጽ ተፈልጎ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በዚህ መስፈርት የሚበልጠኝ በመላው ሜልበርን እንደማይገኝ ርግጠኛ ሆኜ ፈረምሁ። ስለ ውሻ የማውቀው ተረትና ምሳሌዎቻችን የነገሩኝን ብቻ ነበር፤ እነሱም “ውሻ ምን አገባው ከእርሻ” እና “ውሻ በበላበት ይጮኻል” የሚሉት ናቸው። አባቶቻችን ስለ ውሻ ደግ ነገር መናገር ሲያምራቸው ዝም ይሉ እንደ ነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ቡችላውን ይዘውልኝ የመጡት ወይዘሮ ሄዘር የሚባሉ የድርጅቱ ባለሙያ ናቸው፤ ጠጕራቸው የሸበተ፣ ጫማቸው ጭቃ የማይለየው፣ ድምፃቸው ግን የተኛ ሕፃን የማይቀሰቅስ ሴት። ቡችላው ጥቁር ላብራዶር ነው። ስሙን ድርጅቱ ራሱ አውጥቶለታል፤ ዋልተር ይባላል። አብሮት ዘጠና ገጽ መመሪያ መጣ። መመሪያውን ከሥሩ እያሰመርሁ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዋልተር ደግሞ ሦስተኛውን ምዕራፍ በላው። ምዕራፉ ስለ ማኘክ ነበር።

“ዓመቱ ሲያልቅ ይፈተናል” አሉኝ ወይዘሮ ሄዘር ከመሄዳቸው በፊት። “ካለፈ ከፍተኛ ሥልጠና ገብቶ ለአንድ ዓይነ ስውር ሰው ይሰጣል። ከወደቀ ግን የማንም ቤት ውሻ ሆኖ ይቀራል። የሚጠብቁት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚያልፉት ውሾች ጥቂት።”

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ የማላውቀው ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህች ከተማ በአንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ መንገድ ለመሻገር የሰው ክንድ እየለመነ፣ ዋልተርን ይጠብቃል። ዋልተር በዚያች ቅጽበት የቀኝ እግር ካልሲዬን እየዋጠ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ውርደት በዝርዝር አልተርክም፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ሠልጣኝ ውሻ ደስ ባለው ቦታ አይጸዳዳም፤ ታዝዞ ነው። ትእዛዙም “ቢዚ ቢዚ” የሚል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ (ከቤት ስወጣ ከረባት አስራለሁ፤ ይህ የግል ጉዳዬ ነው) በጠዋት ዝናብ ውስጥ ቆሞ በለሆሳስ “ቢዚ ቢዚ” ሲል አስቡት። ዋልተር ሣሩን ይዞራል፤ ያሸታል፤ ያስባል፤ እንደ ገና ይዞራል። አንድ ቀን ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ይህንኑ ስል አንድ የአገሬ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ “ወንድሜ፣ ቢዚ ከሆንክ ለምን ቆመሃል?” አለኝ።  

አሁን ወደ ዋናው መከራ ልግባ። መመሪያው “ሠልጣኙ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ሳይነሣ፣ አንድ ሰዓት መቆየትን ይልመድ” ይላል። እኔ ደግሞ የማውቀው ሻይ ቤት አንድ ነው፤ ፉትስክሬይ ያለው የእትዬ ዘነበች ቤት። እትዬ ዘነበች ዋልተርን የሠልጣኝ ሰማያዊ ሰደርያውን ለብሶ ሲገባ ሲያዩት ትሪያቸውን እንደ ጋሻ ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

“አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ያመጣህብኝ?”

“ሠልጣኝ ነው እትዬ። በሕግ መግባት ተፈቅዶለታል።”

“ልብሱ ላይ ምን ይላል?”

“‘አትንኩኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ’ ነው የሚለው።”

አጎንብሰው ከጠረጴዛው ሥር አዩት። ዋልተር እያንኮራፋ ነበር።

“ተኝቷል እኮ!”

“ሥራው መተኛት ነው።”

“እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ለኔም አፕላይ አድርግልኝ” አሉና ወደ ቡና ማሽናቸው ተመለሱ።

በዚያ ቤት ከበሩ ትይዩ ያለው ወንበር የጋሼ ፈለቀ ነው። ጋሼ ፈለቀ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ጤነኛ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጤነኛ። ስልክ ሲደወልላቸው ሰው እንዳይረብሹ ብለው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከውጭ ሆነው የሚሉትንም እኛ ከውስጥ ቃል በቃል እንሰማለን። የሚደውልላቸው ብዙ ነው። ጨርሰው ሲገቡ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል።

“ኖር! ኖር ጋሼ!”

“በእግዜር! አረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!”

ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ይደገማል። ከወጡ ሁለት ደቂቃ እንዳልሞላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም የገባ ሰው የገባ ሰው ነው። አባቴ “ወንበር የሚከበረው ሲለቁት ነው” እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ጋሼ ፈለቀ ሲገቡ እግሮቼ ፈቃዴን ሳይጠይቁ ይነሣሉ። ከወገቤ በታች ያለው የሰውነቴ ክፍል የኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ ፈለቀ ከአራተኛው ስልክ ሲመለሱ፣ እኛ ብድግ ስንል፣ ዋልተርም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ቆመ። አልጮኸም፤ ጭራውን አልቆላም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ጋሼ ፈለቀ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

“ኖር አለኝ እኮ!”

“ብሏል ጋሼ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ” አሉ እትዬ ዘነበች።

“በእግዜር፣ አቶ ዋልተር! አረ በእግዜር!”

ጋሼ ፈለቀ ሲቀመጡ ዋልተርም ተኛ። እትዬ ዘነበች ትሪያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፉ። “ይኼ ውሻ ከልጆቼ ይሻላል። የኔዎቹ ሰው ሲገባ ከስልካቸው ቀና አይሉም። ቀና ካሉም ‘ሃይ’ ነው የሚሉት።”

ውድ አንባቢ፣ ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ኩራት ተሰማኝ። መመሪያው “ሳይነሣ” እንደሚል አውቃለሁ፤ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ነገር ግን መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ጋሼ ፈለቀን አያውቋቸውም ብዬ አሰብሁ። ሞኝ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ ምንጣፍ ያነጥፍበታል።

ዋልተር በጋሼ ፈለቀ አላቆመም። ለፖስተኛው ተነሣ፤ ለጎረቤቴ ተነሣ፤ ከሁሉ የከፋው ግን የትራሙ ነገር ነው። ትራሙ በቆመ ቁጥር ሰው ይሳፈራል፤ ሰው በተሳፈረ ቁጥር ዋልተር ይነሣል፤ ዋልተር በተነሣ ቁጥር ገመዱ እጄ ላይ ተጠምጥሟልና እኔም እነሣለሁ። የተሳፈሩት ሰዎች ቦታ የለቀቅሁላቸው ይመስላቸውና አመስግነውኝ ይቀመጣሉ። በዚያ ወር ከፉትስክሬይ እስከ ቤቴ ተቀምጬ የደረስሁበት ቀን አልነበረም።

ወይዘሮ ሄዘር ለግምገማ ሲመጡ በእትዬ ዘነበች ቤት ተገናኘን። ጋሼ ፈለቀ ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ ገቡ። ዋልተር ሁለት ጊዜ ተነሣ። ወይዘሮ ሄዘር በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ጻፉ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄደው ሲመለሱ እኔ ተነሣሁላቸው፤ ዋልተርም ተነሣላቸው። ውሃ ሊቀዱ ሄደው ሲመለሱ ተነሣሁ፤ ዋልተርም ተነሣ። በሦስተኛው ያለ ምንም ምክንያት እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ፤ አሁን ሳስበው ሙከራ ነበር። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

“ውሻው ምንም ችግር የለበትም” አሉኝ በዚያች ለስላሳ ድምፅ።

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ችግሩ አንተ ነህ።”

 በሥራ ግምገማም፣ በቤተሰብ ጉባኤም ይህን ያህል አጭርና የተሟላ አስተያየት ተሰጥቶኝ አያውቅም።

“መነሣትን ከሌላ ከማንም አልተማረም፤ ካንተ ነው የተማረው” አሉ። “እስቲ አስበው። የሚመራው ሰው አያይም። ካፌ ውስጥ ሾርባውን ይዞ ተቀምጧል። በሩ ተከፈተ፤ ውሻው ብድግ አለ፤ ገመዱ ክንዱን ጎተተው . . .”

“ሾርባው!” አልሁ።

“ሾርባው” አሉ ወይዘሮ ሄዘር።

ያ የማላውቀው ሰው በኔ ጨዋነት ምክንያት ጭኑ ላይ ሾርባ ሲፈስበት ታየኝ።

“ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል” ሲሉ ቀጠሉ። “ከዛሬ ጀምሮ የምናሠለጥነው አንተን ነው። ሰው ሲገባ አትነሣም፤ ማንም ይሁን ማን። አንድ ጊዜ ከተነሣህ የአንድ ሳምንት ድካም ይበላሻል።”

“ሽማግሌ ቢሆንስ?”

“ንጉሡም ቢሆን።”

ስለ ንጉሡ አልተጨነቅሁም። ንጉሡ እትዬ ዘነበች ቤት አይመጣም።

ልምምዱን የጀመርሁት በአባቴ ነው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውሉልኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ ቆሜ ነው የማነጋግራቸው። በዚያ እሑድ ግን የወንበሩን ክንዶች በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ዋልተር ከምንጣፉ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። 

“ምነው? ታመሃል?” አሉ አባቴ።

“ደኅና ነኝ አባባ። ተቀምጬ ነው።”

“እሱንማ አየሁት።”

 በመካከላችን ያለው ውቅያኖስ ሲሰፋ ተሰማኝ።

“ውሻው ቤት ውስጥ ያድራል ስትለኝ ችዬ ነበር” አሉ በመጨረሻ፤ ስልኩንም ለእናቴ አቀበሉ።

ሰኞ ዕለት ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድሁ። ጋሼ ፈለቀ ከስልካቸው ሲመለሱ ቤቱ “ኖር!” ብሎ ብድግ አለ። እኔ ተቀመጥሁ። ተቀመጥሁ ስል ግን በምቾት እንዳይመስላችሁ፤ እግሮቼን ከወንበሩ እግሮች ጋር ቆላልፌ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ፣ ዓይኔን ስኳር ዕቃው ላይ ተክዬ ነው። ዋልተር በከፊል ተነሣና አየኝ፤ እንዳልተነሣሁ ሲያውቅ ተመልሶ ተኛ። ድል ነው ብዬ ቀና ስል ጋሼ ፈለቀ በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነው። “በእግዜር” አላሉም። በዝግታ ሄደው ተቀመጡ። ስልካቸው ጮኸ፤ አላነሡትም።

“ለምን አታስረዳቸውም ነበር?” ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? “ጋሼ፣ ያልተነሣሁልዎ ውሻው እንዳይነሣልዎ ብዬ ነው” ብል፣ ከውሻ ጋር ተመካክሬ የናቅኋቸው ነው የሚመስለው። እናም እንደ ተማረ ሰው ዝምታን መረጥሁ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት ሰዎች ፉትስክሬይ ሻይ ጠጥተው አያውቁም።

በሦስት ቀን ውስጥ ወገቤ እንደ ታመመ ተወራ፤ እትዬ ዘነበች የሚታሽ ቅባት አመጡልኝ። በአምስተኛው ቀን ወገቤ ደኅና መሆኑ ታወቀና፣ የመኖሪያ ፈቃዴ መጥቶልኝ እንደ ተነፋሁ ተወራ። የመኖሪያ ፈቃዴ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የመጣ ዕለትም ለጋሼ ፈለቀ ስድስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ይህን ግን ማን ያስታውሳል? ሰው የተነሣህለትን አይቆጥርም፤ የተቀመጥህበትን እንጂ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ወንበሬ ላይ፣ ዋልተር ምንጣፉ ላይ ሆነን የአንድ ሰዓት ልምምዳችንን ስንፈጽም በሩ ተንኳኳ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሁለታችንም ለማንም አልተነሣንም። ዕቃ አመላላሽ መስሎኝ “ክፍት ነው፤ ግቡ!” አልሁ።

የገቡት ሦስት ሽማግሎች ናቸው። ኮት ለብሰዋል፤ ዝናብ መትቷቸዋል፤ ከጋሼ ፈለቀ ጋር ሊያስታርቁኝ መጥተዋል። እንደ ሥርዓቱም ከፊቴ ተደርድረው ቆሙ።

“ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ” አልሁ ከወንበሬ ሳልነቃነቅ።

“አንቀመጥም” አሉ መካከል የቆሙት ረጅሙ። “የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም።”

“እኔም አልነሣም” አልሁ። “ይቅር በሉኝ፤ መነሣት አልችልም።”

“በስመ አብ!” አሉ በስተ ቀኝ ያሉት አጭሩ። “ሽባ ሆኗል እንዴ?”

አስታራቂዎች ቆመው በዳይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ የሚሟገትበት ሽምግልና በኔ ቤት ተጀመረ። ሦስተኛው ሽማግሌ ዋልተርን ብቻ ያዩ ነበር። ዋልተርም እሳቸውን ያይ ነበር፤ የኋላ እግሮቹ ሊነሡ ዳር ዳር ሲሉ ስመለከት ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ሁሉንም አፈረጥሁት፤ የማላውቀውን ሰው፣ ፈተናውን፣ ቀዩን ቀለም፣ የአባቴን እግሮች፣ ሾርባውን።

“ሾርባው ትኩስ ነው?” አሉ አጭሩ።

“ትኩስ ነው።”

ተያዩ። ሦስቱም ተከታትለው ወደ ኩሽናዬ ገቡና ተመካከሩ፤ የውሃ ማፍያዬ ሲፈላ ይሰማኝ ነበር። ተመልሰው እንደ ገና ተደረደሩ።

“ፍርዳችን ይህ ነው” አሉ ረጅሙ። “ውሻው እስኪፈተን አንተ አትነሣም። ጋሼ ፈለቀ ሲገቡ ያንተን መነሣት ሌላ ሰው ይነሣልሃል። ተራ እናወጣለን። ተረኛው አንድ ጊዜ ስለ ራሱ፣ አንድ ጊዜ ስላንተ፣ ሁለት ጊዜ ብድግ ይላል። የሳቸው ክብር አልጎደለ፤ የዚያ ሰው ሾርባ አልፈሰሰ።”

ይህን ብለው ተቀመጡ። በሕይወቴ ብዙ የፍልስፍና መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ መፍትሔ የሰጠኝ አንድም የለም።

በማግሥቱ ጋሼ ፈለቀ ከፊቴ መጥተው ቆሙ።

“ዓይነ ስውር ሰው እየጠበቀው መሆኑን ለምን አልነገርኸኝም? አንተ እኮ መጽሐፍ ታነባለህ እንጂ ሰው አታነብም!” ካሉ በኋላ ስልካቸውን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። “በል ንገረኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ ልግባ?”

በዚያ ጉልበታቸው በቀን ሃያ ጊዜ ይገቡ ጀመር። ጃንጥላ ዘርግተው ገቡ፤ እያሳሉ ገቡ፤ በሩጫ ለመግባት ሞከሩ፤ አስቤዛ ተሸክመው ገቡ፤ አንድ ቀንም እንግዳ ለመምሰል የእትዬ ዘነበችን የዝናብ ካፖርት ለብሰው ገቡ። ተረኛው ሁለት ጊዜ ብድግ ይላል። እትዬ ዘነበች በተራቸው ቀን “ኖር ጋሼ! ይኼ የኔ ነው። ኖር ጋሼ! ይኼ የዚህ ልጅ ነው” እያሉ ሲነሡና ሲቀመጡ የሚያያቸው ፈረንጅ ደንበኛ የአካል ማጠንከሪያ የሚሠሩ ይመስለው ነበር። ጋሼ ፈለቀ ሁሉን በደብተራቸው ይመዘግባሉ። ማታ ሲሄዱ “ሃያ ገባሁ፤ ዜሮ ተነሣ!” ብለው በመምህር ድምፅ ያነቡልናል፤ ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ አውቶቡሳቸው ይሄዳሉ። እኔ ከዋልተር ጋር ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ሁልጊዜ ቁጭ ብዬ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እትዬ ዘነበች የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ሦስቱ ሽማግሎች ከጠዋት ጀምሮ ቦታ ይዘዋል፤ ጋሼ ፈለቀ ጢማቸውን ተላጭተዋል። ወይዘሮ ሄዘር ቅጻቸውን ዘረጉ። ጋሼ ፈለቀ ገቡ፤ ዋልተር ተኛ። ጋሼ ፈለቀ እንደ ገና ገቡ፤ ዋልተር አዛጋ። እትዬ ዘነበች ታዝዘው ትሪ ጣሉ፤ ዋልተር አንድ ዓይኑን ገልጦ ዘጋው። ወይዘሮ ሄዘር ሰማያዊ እስክሪብቷቸውን እንጂ ቀዩን አልነኩም። ሰማያዊ እስክሪብቶ እንዳላቸው እንኳ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

“የመጨረሻው” አሉ። “ገመዱን ለኔ ስጠኝና ውጣ። አምስት ደቂቃ ቆይተህ ግባ። ካልተነሣ አለፈ።”

ወጣሁ። ዝናቡ ያካፋ ነበር። ያን የማላውቀውን ሰው አሰብሁት፤ መንገድ ዳር ቆሞ፣ እጁ በዋልተር ገመድ ላይ አርፎ፣ የማንንም ክንድ ሳይለምን ሲሻገር። አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ ከረባቴን አስተካከልሁና በሩን ገፋሁ።

ጋሼ ፈለቀ ብድግ አሉ።

ሁለት እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ተመርኩዘው፣ ያን ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ቀና አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው ለኔ ቆሙ።

“ኖር!” አሉኝ።

ሽማግሎቹ ተነሡ። እትዬ ዘነበች ከማሽናቸው ኋላ ወጥተው ቆሙ። ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። እኔ ወጣት ነኝ፤ ለኔ ሰው ተነሥቶልኝ አያውቅም። ከሁሉም ኋላ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ዋልተር ወጣ፤ ራሱንም ዝቅ አድርጎ ቆመልኝ።

“በእግዜር” አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጋሼ ፈለቀ መግባት ተለማምደናል። ስለ እኔ መግባት ግን ማንም አላሰበም፤ እኔም ጭምር። ወይዘሮ ሄዘር ዋልተርን አዩት፤ ቤቱን አዩት። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። በዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበር፤ እጃቸው ግን ሐቀኛ ነበር።

“ምን አደረግሁ?” አሉ ጋሼ ፈለቀ፤ ባርኔጣቸውን እንደ ያዙ። “ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለሰው ብለህ ስትቀመጥ አየሁህ። አንድ ጊዜ ልነሣልህ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።”

በማግሥቱ ወይዘሮ ሄዘር ዋልተርን ወሰዱት፤ የወደቀ ውሻ የት እንደሚኖር የሚወስነው ድርጅቱ ነው። ጋሼ ፈለቀ ለአሥር ቀን ያህል ሻይ ቤት አልመጡም። እኔ ለዚያ ለማላውቀው ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አራት ገጽ ነው፤ በሚገባ የተዋቀረ ነው። የት እንደምልከው ስለማላውቅ ስለ ብቸኝነት በተጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ ውስጥ አስገባሁት። ያን ቅጽ ዳግመኛ የሚከፍተው የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወይዘሮ ሄዘር ደወሉ። ዋይንድሃም ቬል የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የማይሰማ አንዲት አሮጊት አሉ፤ በራቸው ሲንኳኳ አያውቁም፤ ሰው ከኋላቸው ሲገባ ይደነግጣሉ። ለሳቸው የተፈለገው ውሻ ሰው በመጣ ቁጥር ያለ ጩኸት፣ በሥርዓት፣ ሳይታክት የሚነሣ ነው። “እንዲህ ያለውን ለማሠልጠን ብዙ ወር ይፈጃል” አሉኝ። “ዋልተር ሠልጥኖ ነው የመጣው።”

ወሬውን ለጋሼ ፈለቀ ነገርኋቸው።

“እሱ ሲነሣ ሴትየዋስ?” አሉ።

“እሱን ያዩና እሳቸውም ይነሣሉ ጋሼ። እንግዳ ለመቀበል።”

“ፈረንጇ?”

“ፈረንጇ።”

 ከዚያ ስልካቸው ጮኸ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ወጥተው አነሡት፤ ለደወለው ሰውም ስለ ዋይንድሃም ቬል ሲነግሩት መንገዱ በሙሉ ሰማ።

ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ደስ ሊላቸውም ይገባል። እኔ ግን ያ ዓይነ ስውር ሰው አሁንም በክፍሉ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ ወይዘሮ ሄዘር ሌላ ቡችላ ላምጣልህ ወይ ሲሉኝም በመጀመሪያ ሌላ ሰው ፈልጉለት፣ እግሩ የራሱ የሆነ ሰው፣ ብያቸዋለሁ። ለጋሼ ፈለቀ እንደ ገና እነሣለሁ፤ አባቴንም ቆሜ አነጋግራቸዋለሁ፤ ታርቀናል።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሩን እከፍታለሁ። ምንጣፉ ላይ ዋልተር የተኛበት ሥፍራ እንደ ጎደጎደ ነው፤ ጥቂት ጥቁር ጠጕርም አለበት፤ አልጠረግሁትም። የሚነሣልኝ የለም። እኔ ግን እደጁ ላይ ጥቂት ቆሜ፣ ከረባቴን አስተካክዬ፣ በለሆሳስ “በእግዜር” እላለሁ። ከዚያ ገብቼ እቀመጣለሁ።